እህታችን ከሻርክ ጋር ልትዋኝ ነው

የሺመቤት ፊቷን የምትታጠበው በእርጥብ ፎጣ ነው። ፎጣውን ታርሰዋለች፣ ትጨምቀዋለች፣ ከዚያ ግንባሯን፣ ጉንጮቿን፣ አገጯን ተራ በተራ ትወለውላለች። መስታወት የምታጸዳ እንጂ ፊት የምትታጠብ አትመስልም። ፀጉሯን የማጥብላት ደግሞ እኔ ነኝ። አጅማን የሴቶች ውበት ሳሎን ውስጥ ስለምሠራ የክፍላችን ሴቶች ሁሉ ራሳቸውን በነፃ አስረክበውኛል። ሌሎቹ ሲታጠቡ ያወራሉ፣ ወይም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። የሺመቤት ግን ዓይኗ ላይ ጨርቅ ጥላ፣ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ "ጨረስሽ? ፍሬ፣ ጨረስሽ?" ትለኛለች፤ ውሃው ገና ከቧንቧው ሳይወርድ።

ክፍላችን ሻርጃ ነው፣ ሮላ፣ ከገንዘብ መላኪያዎቹ በላይ። የሺመቤት የምትሠራው ዱባይ፣ ማዳም ቤት አድራ ነው። አርብ አርብ ለዕረፍቷ ትመጣና ከእኔ በላይ ያለው፣ ቢድ ስፔስ የምንለው የኪራይ አልጋዋ ላይ ትወጣለች፤ አልጋው ያቃስታል። ትልቅ ሴት ናት። አርባዎቹን ተያይዛዋለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምጿ ወፍራም። አውቶቡስ ጣቢያ ሰልፍ የሚጋፋ ወንድ ካየች በዓረብኛም በአማርኛም ልኩን ትነግረዋለች። ማንንም አትፈራም። የምትፈራው ውሃን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ስትጠጣው አትፈራውም።

የወንጂ ልጅ ናት። አባቷ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ይሠሩ ነበር። አገዳው የሚጠጣው በካናል ነው፣ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ካናሉ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ያድጋሉ። ልጅ ይሰምጥበታል ብሎ የሚያስብ የለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። አንድ ቀን ሴቶች ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጫወቱ እግሯ አዳለጣትና ውሃው ካናሉ ከመንገድ ስር ወደሚያልፍበት ቱቦ ይዟት ገባ። ታላቅ ወንድሟ ገብሩ መንገዱን ሮጦ ተሻግሮ፣ በወዲያኛው አፍ ጠብቆ፣ በቀሚሷ ጎትቶ አወጣት። ነገሩ ሁሉ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። እሷ ግን ወደ ቱቦው ስትገባ የመጨረሻ ያየችው የገብሩን ጀርባ ነበርና፣ ጥሎኝ ሄደ ብላ ነው ያን ጨለማ ያለፈችው። ገብሩ እስከ ዛሬ ይህን እያነሳ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወቷ የብዙዎቻችን ሕይወት ነው። አዳማ ሱቅ ተቀጠረች፣ በጥድፊያ አግብታ በጥድፊያ ተፋታች፣ ልጅ አልወለደችም፣ በኤጀንሲ በኩል እዚህ መጣች። የመጀመሪያው ቤት ከፋባት፤ ሁለተኛው ትንሽ ተሻላት። ሦስተኛው ቤት ስትገባ ማዳም ነፍሰ ጡር ነበረች። ዮርዳኖሳዊት ናት፣ ቢሮ የምትውል፣ ቁጡ ግን ልበ ሩህሩህ ሴት። የተወለደችው ልጅ ሊን ተባለች። ሊንን ከሆስፒታል በር ተቀብላ፣ አዝላ፣ አጉርሳ ያሳደገቻት የሺመቤት ናት። ማዳም መታዘሉን መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም ነበር፤ ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ካልሆነ አልተኛም ስትል ተወችው።

ሊን ገና መራመድ ስትጀምር ዋና ተማረች። የሺመቤት ከመዋኛው ርቃ፣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ ትቀመጣለች። ሊን ስትጠልቅ እሷም ትንፋሿን ትይዛለች፣ ሊን ብቅ ስትል እሷም ትተነፍሳለች። "የምትዋኘው እሷ፣ የምደክመው እኔ" ትለኛለች።

ጌታን የተቀበለችው እዚህ ነው። ጎረቤት የምትሠራ ልጅ እጇን ይዛ ወደ እኛ ጉባኤ አመጣቻት። የምናመልከው በኪራይ አዳራሽ ነው፤ ከእኛ በፊት ሕንዶች ይገባሉ፣ ከእኛ በኋላ ፊሊፒኖዎች። እኛ መሃል ላይ ነንና ስንጀምር የሕንዶቹ አበባ ገና አልተነሳም፣ ስንጨርስ የፊሊፒኖዎቹ ጊታር በር ላይ ነው። የሺመቤት መጀመሪያ የመጣች ቀን የኋላ ወንበር ላይ ስታለቅስ ዋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበር ስታስተካክል አየኋት። በሦስተኛው ሳምንት ዘማሪዎቹን፣ "ድምፁን ቀንሱት፣ ጌታ ይሰማል እኮ" አለቻቸው። እኔ ከዘማሪዎቹ አንዷ ነኝ። ያን ቀን ወደድኳት።

አንድ ነገር ግን ቀራት። እኛ ዘንድ ጥምቀት ማለት መላ ሰውነትን ውሃ ውስጥ ማስገባት ነው። መርጨት የለም፣ ማፍሰስ የለም። ያልተጠመቀ የጌታን እራት አይወስድም፣ በጉባኤው ፊትም አይጋባም። አዳራሹ መጠመቂያ ስለሌለው እኛ አፉ የተቆረጠ ትልቅ ሮቶ አለን። ሮቶውን ያመጣው ወንድይፍራው ነው። አል ቁዝ ካለ መጋዘን ፎርክሊፍት ይነዳል፤ መጋዘኑ ሊጥለው የነበረውን ሮቶ ለምኖ፣ ራሱ ቆርጦ፣ ጠርዙን አለስልሶ አመጣልን። የጥምቀት ቀን በጎማ የሚሞላው፣ ፊሊፒኖዎቹ ሳይመጡ አፍስሶ ወለሉን የሚያደርቀው እሱ ነው። ዝምተኛ ነው። ሚስቱ ድሮ ሞታበት ብቻውን የኖረ ሰው ነው። "ወንድም ሮቶ" ይሉታል፣ አይከፋውም።

የሺመቤት ነጭ ለብሳ የሮቶውን መሰላል የወጣች ጊዜ ሁላችንም እየዘመርን ነበር። ፓስተር ጌዲዮን እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምሮ ወደ ኋላ ሊያስተኛት ሲል ያ ትልቅ ሰውነቷ ተፈናጠረ። እሷ ወጣች፣ ፓስተሩ ገባ። የጠለቀው ፓስተር ጌዲዮን ነው ማለቴ ነው፣ ከነመነጽሩ። የሮቶው ግማሽ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሰዉ ይሳቅ ይጸልይ ግራ ገባው። እሷ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ እኔ ባንኳኳ አልከፈተችም፣ የፓስተሩ ሚስት ብታንኳኳ አልከፈተችም። ወንድይፍራው ወለሉን እየወለወለ፣ እየወለወለ፣ እዚያ በር ድረስ ደረሰ። ከውጭ ቆሞ፣ "እህት የሺመቤት፣ ውሃ ነው፣ ይደርቃል" አላት።

በሩ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲያ ሮላ እየመጣ ከሕንፃችን ስር ካራክ የሚሉትን የወተት ሻይ ይጋብዘን ጀመር። ሁለታችንንም ነው፤ እሷን ብቻ ለመጋበዝ አፍሮ። እኔ ሻዬን ጨልጬ "ሥራ አለብኝ" ብዬ ልነሳ ስል ከጠረጴዛው ስር እግሬን ትረግጠኛለች። ሊያገባት እንደሚፈልግ የነገራት እንኳ እኔ ባለሁበት ነው፣ ያውም በአንቱታ። "ፈቃድዎ ከሆነ" አላት ብርጭቆውን እያየ።

"አንተ ሰውዬ፣ አሮጊት አደረግኸኝ እኮ" አለችው። እሺ ማለቷ ነበር።

ችግሩ የወንድይፍራው ኮንትራት ማለቁ ነው። ሙቀቱ ሳይጠና ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነው። አዳማ ቤት ሠርቷል፤ ሐሳቡ አግብቷት፣ ይዟት ለመግባት ነው። ጉባኤው ደግሞ ሳትጠመቅ አያጋባትም። ሌላ ቦታ ተጋቡ ያላቸው አልጠፋም። እሷ ናት እምቢ ያለችው። "አንድ ጊዜ ሰው ሳያውቅልኝ አግብቼ አይቼዋለሁ" አለችኝ። "ለቅሶዬን ያየ ጉባኤ ደስታዬንም ይይልኝ።"

ስለዚህ እንደገና ሞከረች። መሰላሉን ወጣች፣ ወረደች፣ ውሃው ወገቧ ደረሰ። ከዚያ ለፓስተሩ አንገቷን ነቅንቃ ተመልሳ ወጣች። በዚያ ቀን ማንም አልሰመጠም፣ ማንም አልሳቀም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ብዬ ልቀልድባት አስቤ ነበር፣ ፊቷን ሳየው ተውኩት። ወንድይፍራው እሷ ሳትጠልቅበት የቀረችውን ውሃ ሲያፈስ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ነበር። ከመሄዱ በፊት የቀረው አንድ የጥምቀት ቀን ብቻ ነው። ያም ካለፈ እሱ አዳማ፣ እሷ ዱባይ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜ በስልክ የሚጠብቅ ፍቅር ምን ያህል እንደሚሄድ ሁላችንም አይተናል።

በዚህ መሃል ነው ማዳም ለሊን ልደት ማልዲቭስ እንሄዳለን ያለችው። የሊን ክፍል ግድግዳ በሙሉ ዌል ሻርክ ነው። ከሻርክ ሁሉ ትልቁ ነው፣ አውቶቡስ ያክላል፣ ሰው ግን አይበላም፤ አፉን ከፍቶ የባሕሩን ጥቃቅን ነገር እያጠለለ ነው የሚኖረው። ይህን ሊን የሺመቤትን፣ የሺመቤት እኔን አስተምራለች። እዚያ ደሴቶቹ ዘንድ ሰዎች መነጽር አጥልቀው፣ መተንፈሻ ቱቦ ነክሰው አብረውት ይዋኛሉ አሉ።

"ያለ የሺ ሊን አትተኛም፣ ያላ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ" አለቻት ማዳም።

"አንቺ ደግሞ ደሴት ላይ ምን ልትሆኚ ነው?" አልኳት።

"አሸዋው ላይ ነኛ። ዋላሂ ከአሸዋው ፈቀቅ አልልም።" ጴንጤ ሆና ዋላሂ ማለት አትተውም፤ ከማዳም ቤት የለመደችው ነው።

ወሬውን በጉባኤው የስልክ ቡድን ላይ የለቀቀችው ጸጋ ናት። ጸጋ የጸሎት አስተባባሪያችን ናት፤ ወሬ ስትሰማ ከማጣራት መጸለይ የሚቀልላት። "ቅዱሳን ሆይ፣ እህታችን የሺመቤት ከሻርክ ጋር ልትዋኝ ነውና በጾም በጸሎት አስቧት" ብላ ጻፈች። ከዚያማ ማን ያቁመው። አል ቁዝ ካምፕ ያሉት ወንድሞች ምሳ ተዉ። አንዷ እህት ነቢይን ውጦ የተፋ ዓሣ መኖሩን አስታውሳ አጽናናችን፤ ሌላው ያ ዓሣ ሻርክ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ጠየቀ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፣ ስለ ሻርክ ግን የተባለ ነገር አልሰማሁም። የሺመቤት ሻንጣ እየሸከፈች ይህን ሁሉ አንብባ ወንድይፍራውን ደወለችለት። "በባዶ ሆድ ፎርክሊፍት እንዳትነዳ። ብላ። እኔ አሸዋው ላይ ነኝ።"

ከዚህ በኋላ ያለውን እሷ እንደነገረችኝ ነው የምናገረው። ደጋግማ ነግራኛለች፣ አንድም ጊዜ አልተለወጠም።

ቃሏን ጠብቃ መጀመሪያ ከአሸዋው አልተነሳችም። ከዘንባባ ጥላ ስር ተቀምጣ የሊንን ፎጣ ታደርቅ ነበር። ውሃው ግን አስገረማት። ከስሩ ያለው አሸዋ ይታያል፣ የሚሄድ ዓሣ ይታያል፣ የራስ ጥላ ይታያል። "የወንጂ ካናል ሻይ በወተት ነው፤ ይሄ ግን ውስጡ የሚታይ ውሃ ነው" አለችኝ በስልክ። ውሃን እንደ ሰው ስታማ እንጂ ስታመሰግን ሰምቻት ስለማላውቅ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

የሻርኩ ቀን ጀልባው ላይ የወጣችው ፎጣ ለመያዝ ነው። የሕይወት ጃኬት አልብሰው መሃል ላይ አስቀመጧት። ማዳም ጀልባ አይስማማትም፤ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ ሆዷ ተገላበጠና ወለሉ ላይ ተጋደመች። የሺመቤት አንድ እጇ የማዳምን ግንባር ይዞ፣ አንድ እጇ ፎጣውን ይዞ ሳለ አስጎብኚው ወደ ውሃው እያመለከተ ጮኸ። ቱሪስቱ ሁሉ ዘለለ። ሊንም ዘለለች። ከልደት እስከ ልደት የጠበቀችው ነገር ነው። ፊቷን ነክራ ቁልቁል አየች።

ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ሌላ፣ ከእግርሽ ስር የሚያልፍ አውቶቡስ ሌላ። ሊን ወደ ጀልባው ተመልሳ መሰላሉን ጨምድዳ ይዛ ትጮህ ጀመር። የጠራችው እናቷን አልነበረም። "የሺ" ነው ያለችው።

"አስቤ አይደለም የገባሁት" ትላለች የሺመቤት። "ባስብማ ኖሮ አልገባም።"

ወረደች። መሰላሉ ሲያልቅ ጃኬቱ ወደ ላይ ያዛት። አስጎብኚው ከውሃው ሆኖ መነጽሩን አጠለቀላት፤ መተንፈሻ ቱቦውን ሲያሳያት ግን እጁን ገፋችው። ቱቦ የሚባል ነገር ከእሷ ጋር ወዳጅነት የለውም።

ሊን እያነባች፣ "ዓሣውን አናየውም። አንቺ እኔን እዪ፣ እኔ አንቺን አያለሁ። እሺ የሺ?" አለቻት።

"እሺ ሐቢብቲ" አለች፤ ሐቢብቲ፣ ውዴ ማለት፣ ከልጅቷ ጋር የለመደችው ቃል ነው።

ተያይዘው ፊታቸውን ነከሩ። የሺመቤት ዓይኗን ስትከፍት የጠበቀችው ያን ጨለማ ነው። ያየችው ሊንን ነው። ከመነጽሩ ጀርባ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ የተነፋ ጉንጭ፣ በየአቅጣጫው የተበተነ ፀጉር። ሊን ሳቀችባት። የሺመቤትም ሳቀችና የባሕር ውሃ ጠጣች። ቀና ብላ አስላ፣ ተፋች፣ ተመልሳ ነከረች። ተመልሳ ነከረች ነው የምላችሁ፣ እኔ ጀበናዋን እንኳ ፊቷን አዙራ የምታጥብ ሴት መሆኗን የማውቀው።

ያኔ በሊን ትከሻ በኩል መጣ። አገዳ የጫነ የወንጂ ተጎታች እንደሚሄደው፣ ሳይቸኩል። አፉ ሰፊ፣ ዓይኑ ትንሽ፣ ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሊን አላየችውም፣ የምታየው የሺመቤትን ነው። የሺመቤት በጣቷ አመለከተቻት። ሁለቱም ዞረው አዩት። ከስራቸው አለፈ፣ ጅራቱን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አደረገና ወደ ሰማያዊው ገባ። ልጅቷ እጇን አልለቀቀችም፣ ግን አልጮኸችም።

"ፍሬ፣ ያን የሚያክል ነገር እንዲያ ጨዋ ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር" አለችኝ። "አንድ ጥርሱን እንኳ አላሳየንም። ይሄን የሠራ ጌታ እኔን ምን ያደርገኛል አልኩ።"

ስህተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ ስህተት ከተባለ። እንዲህ ያለ ድፍረት ተመልሶ አይመጣም ብላ ሰጋች። ሊንን ወደ ጀልባው አውጥታ፣ እሷ መሰላሉን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ ፊቷን ነክራ፣ በልቧ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብላ ራሷን አጠመቀች።

እኔ የደንበኛ ፀጉር እያጠብኩ ሳለ የድምፅ መልእክቷ መጣ። "ፍሬ፣ ተጠመቅሁ። ኸላስ፣ አለቀ። አንቺ ለወንድይፍራው ንገሪው፤ እኔ ልንገረው ብል ለቅሶዬ ይቀድመኛል።" ደንበኛዬን ከነአረፋዋ ትቼ ደወልኩለት።

"ማን አጠመቃት?" አለኝ።

ያን ጥያቄ እኔ አላሰብኩትም ነበር። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም፤ በዚያው አርብ ሮላ መጥቶ የሠርግ ሱፍ ገዛ።

ፓስተር ጌዲዮን ከብዙዎቻችን በዕድሜ ያንሳል፣ ገር ሰው ነው። የሺመቤት ከደሴቲቱ እንደተመለሰች ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ሁሉንም አስነገራት፤ እኔም አጽናኝ ተብዬ አጠገቧ ነበርኩ። ሻርኩ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ሁሉ አስደግመው አስነገሯት። ከዚያ ፓስተሩ አንገቱን ደፍቶ ጠየቃት።

"መላ ሰውነትሽ ገብቷል?"

"ጃኬቱ አላስገባኝም።"

"ጀርባሽስ?"

"ጀርባዬ ፀሐይ ላይ ነበር።"

መካድም አትችልም፤ ማጅራቷ ተላልጦ ነበር። ፓስተሩ አልሳቀም። "እህቴ፣ ያደረግሽውን ጌታ አይቶታል፣ እኔ አላቃልለውም" አላት። "ግን ሰው ራሱን አያጠምቅም። ጥምቀት ራስን በሌላ ሰው እጅ መጣል ነው። ብዙ ጊዜ የሚከብደውም እሱ ነው።"

ወጥተን ከሕንፃችን ስር ተቀመጥን፣ ወንድይፍራው መሃላችን። መጀመሪያ ተቆጣች። "ያ ሁሉ ባሕር ያልበቃው ሮቶ ይበቃዋል?" አለች። አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየን። ከዚያ ቁጣው አለቀባትና ማልቀስ ጀመረች፣ ድምፅ የሌለው ለቅሶ። እኔ እጇን ያዝኩ። በውስጤ ግን ሽማግሌዎቹንም፣ ሮቶውንም፣ ሮቶውን የቆረጠውን ሰውዬም እየረገምኩ ነበር።

"ባሕሩ ውስጥ ምን ነበረ?" አላት ወንድይፍራው። "ማለቴ፣ እዚያ ፍርሃቱን ያሳለፈሽ።" አንቺ ማለት የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው።

ዓይኗን በመሐረብ ጠርጋ አሰበችበት። "ሻርኩ አይደለም" አለች። "ሊን ናት። ዓይኔን ስከፍት ከውሃው ስር ሰው ነበረ። ቱቦው ውስጥ ማንም አልነበረም። ሮቶው ውስጥም ማንም የለም። ፓስተሩ ከላይ ነው፣ እናንተ የምትዘምሩት ከላይ ነው፣ አንተም ከላይ ነህ። ከስር ያለሁት እኔ ብቻዬን ነኝ።"

ወንድይፍራው ሻዩን አማሰለ፤ የሚያማስለው ስኳር አልነበረውም። ከዚያ "እሺ" አለ።

በቃ፣ እሺ። አንዲት ሴት እንዲያ ልቧን ከፍታለት እሺ ብሎ ሂሳብ ከፍሎ ሄደ። ደረጃውን ስንወጣ ስለ ወንዶች ብዙ ተናገርኩ።

የመጨረሻው ጥምቀት ቀን ሲደርስ ግን ልሞክር አለች። እኔ ለምን አልኳት። "ሲሄድ ሮቶውን ሳልሞክር በር ላይ ቆሜ አላሰናብተውም" አለችኝ። ሊን የሰጠቻትን መነጽር በፌስታል ይዛ መጣች። ወደ ፊት ተንበርክኬ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ ይሄን አጥልቄ ልጠመቅ ብላ ለመነች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መነጽር የሚባል ነገር በጥምቀት ላይ ታይቶ አይታወቅም ሲል፣ ፓስተር ጌዲዮን፣ "ወንድሞቼ፣ ባለፈው የሰመጥኩት እኔ ነኝ። በእኔ በኩል የፈለገችውን ታጥልቅ" አለ። በዚያ ሁሉም ሳቁና ተፈቀደ።

ወንድይፍራው እንደ ወትሮው ሮቶውን ሞልቷል፣ ፎጣዎቹን አጥፏል። ሌሎቹ ተጠማቂዎች አለፉ። የሺመቤት መጨረሻ ናት። መሰላሉን ስትወጣ በየደረጃው ቆም ስትል ከወንበሬ ይታየኝ ነበር። እኛ መዝሙሩን ጀመርነው፤ ድምፃችን ከፍርሃት የተነሳ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሄደ። ውሃው ውስጥ ቆማ መነጽሩን ስታጠልቅ ወንድይፍራው ጫማውን አወለቀና በሮቶው ወዲያኛው በኩል ገባ። የውሃ መውረጃውን ሊያይ ነው ብለን ማናችንም ነገሬ አላልነውም።

ፓስተሩ ቃሉን ተናገረ። የሺመቤት ተንበረከከች፣ ውሃው አገጯን ነካው፣ እዚያ ላይ ቆመች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ልትመለስ ነው አልኩ። ያኔ ከፊት ለፊቷ ወንድይፍራው ትንፋሹን ሳበና ከእሷ በፊት ጠለቀ። መነጽር የለው፣ ምን የለው፣ ከነሸሚዙ ከነሪዙ እንዲሁ ገባ። ቁልቁል አየችው። ተከተለችው።

ከላይ የቀረው ፓስተር ጌዲዮን ብቻ ነው፤ አንድ እጁ ጀርባዋ ላይ፣ ሌላው ምን እንደሚሠራበት ጠፍቶት አየር ላይ። መዝሙሩ ቆመ። እኔ ቦታዬን ትቼ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ሁለቱ ከስር ፊት ለፊት ተንበርክከዋል፣ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። እሱ ዓይኖቹን በግድ ከፍቶ ያያታል። ፓስተሩ ትከሻዋን ወደ ላይ ሳበ፣ አልወጣችም። እንደገና ሳበ። አረፋ ወጣ። ከኋላዬ ሴቶቹ መጮህ ጀመሩ፣ የጸጋ ጸሎት ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። "ተዉአት" አልኩ። "እየሳቀች ነው።"

አብረው ወጡ። እሷ መነጽሩን ወደ ግንባሯ ገፍታ ትተነፍሳለች፣ እሱ እያሳለ ሪዙን ይጠርጋል፣ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። አዳራሹ እልል ሲል ፊሊፒኖዎቹ ጊታራቸውን እንደያዙ በሩን ከፍተው ገቡ።

ፓስተር ጌዲዮን ጩኸቱ ጋብ እስኪል ጠበቀ። "ወንድም ወንድይፍራው፣ አንተ እኮ ከዓመታት በፊት ተጠምቀሃል" አለው። "ሁለተኛ ጥምቀት የለም።"

"አውቃለሁ ፓስተር። አልተጠመቅሁም" አለ ወንድይፍራው፣ እጇን እንደያዘ። "ከስር ስትደርስ ሰው እንድታገኝ ብዬ ነው።"

ፓስተሩ ቆሞ አያቸው፣ ከዚያ እርጥብ እጆቹን በሁለቱም ራስ ላይ ጭኖ ባረካቸው።